ኮምቦልቻ ያረገዘው፣ ደሴ የወለደው እንጉዳይ

የመጀመሪያዎቹን ስድስት ከረጢቶች አንድ እንጉዳይ ሳልለቅምባቸው ነው የጣልኳቸው። ሁለተኛው ዙር በቀለልኝ፤ ግን ግንዱ እንደ ጣት ረዝሞ ራሱ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያክል ሆነ። በሦስተኛው እማዬ ድስት ሙሉ ወጥ ሠራች። እዚያ ለመድረስ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ያን ያህል የቆየሁት ገንዘብ ወይም ዕቃ አጥቼ አይደለም። ደሴ ቁጭ ብዬ ለሌላ አገር አየር የተጻፈ መመሪያ ስከተል ነው። ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሆናችሁ ቤታችሁ ውስጥ እንጉዳይ ለማብቀል የምታስቡ ካላችሁ፣ እኔ የከሰርኩበትን እናንተ እንዳትከስሩበት የማውቀውን ሁሉ ልንገራችሁ።

ነገሩን የጀመርኩት በእማዬ ምክንያት ነው። እማዬ ጾም አታጓድልም። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ የነቢያቱ፣ የሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ሲጨመርበት የዓመቱ ግማሽ ያህል በጾም ያልፋል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ እንደገና ሽሮ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ የእንጉዳይ ጥብስ በላች። ከተመለሰች በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። «ልክ እንደ ሥጋ ይታኘካል እኮ ልጄ» ትለኛለች በየቀኑ። እኔ ደግሞ እዚህ ገበያ ወጥቼ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ። በቃ ራሴ አበቅለዋለሁ አልኩ።

ጎረቤታችን ይህን ሲሰሙ ደነገጡ። «የጅብ ጥላውን ነው የምትይኝ? አንቺ ሰው፣ በነፍስሽ አትጫወቺ!» አሏት እማዬን። እውነታቸውን ነው። ክረምት ሲገባ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ በየአጥሩ ጥግ፣ በየባሕር ዛፉ ሥር ብቅ የሚለውን የጅብ ጥላ ለቅማችሁ እንዳትበሉ። ይህን አደራ እላለሁ። መርዛማው ከሚበላው ጋር በመልክ ይመሳሰላል። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ ምልክት የሚያሳዩት ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይተው ነው። ሰውየው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ የተሻለው ይመስላል፤ በዚያ መሀል ግን ጉበቱ እየተጎዳ ነው። መቀቀል ያንን መርዝ አያጠፋውም። «የብር ማንኪያ አብሮት ተቀቅሎ ካልጠቆረ ይበላል»፣ «ትል የበላውን ሰውም ይበላዋል» የሚባለውም ሐሰት ነው። እኔ የማወራው ዘሩ ተገዝቶ በጭድ ላይ ስለሚበቅለው፣ ኦይስተር ስለሚባለው እንጉዳይ ብቻ ነው። ለጀማሪ ከሱ የሚቀል የለም።

ዘሩ እንደ ጤፍና ስንዴ ዘር እንዳይመስላችሁ። የተቀቀለ ማሽላ ወይም ስንዴ ነው፤ በላዩ ላይ የእንጉዳዩ ነጭ ድር ተራብቶበት እህሉን እርስ በርስ አያይዞታል። ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሙቀት ይገድለዋል። እኔ መጀመሪያ ያስመጣሁት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ታሽጎ መጣ። ደሴ ሲደርስ ከረጢቱ ሥር ውሃ አቁሯል፣ ሲከፈት እንደ ቆመጠጠ ሊጥ ይሸታል። እኔም ምን ማሽተት እንዳለበት ስለማላውቅ ዘራሁት። ጥሩ ዘር ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ሽታውም ራሱ እንጉዳይ እንጉዳይ ነው የሚለው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ካያችሁበት፣ ከኮመጠጠ፣ ገንዘቡ ቢያንገበግባችሁም አትዝሩት። አሁን የማስመጣው ሰው በእጁ ይዞት ከተሳፈረ ብቻ ነው። እንደደረሰም ወዲያው ካልዘራሁት ፍሪጅ ይገባል፣ ፍሪዘር ሳይሆን ታችኛው።

ጭዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የስንዴም የገብስም የጤፍም ይሆናል። እኔ የስንዴውን እመርጣለሁ፤ የጤፉ ደቃቅ ስለሆነ ሲረጥብ ይጠቀጠቅና አየር ያሳጣዋል። ዋናው ነገር ጭዱ የዘንድሮ፣ ደረቅና ዝናብ ያልነካው መሆኑ ነው። ሰኞ ገበያ ስትገዙ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አሽትቱት። የምድር ቤት ሽታ ካለው ተዉት። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ትቆራርጡታላችሁ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት በበርሜል ይቀቀላል። ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ለአንድ ሰዓት ተኩል ከቆየ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፣ ወደ 92 ገደማ ነው። ለጭድ ይህ ችግር የለውም፣ ይበቃል። ጭዱን ሙሉ በሙሉ ማምከን አያስፈልግም፣ እንዲያውም የሚተርፉት ደህና ተሐዋስያን ሻጋታውን ይሻሙልናል። ዘሩን ራሴ ላዘጋጅ የሚል ሰው ካለ ግን በተራ ድስት እህል ቀቅሎ አይሞክር። እህል ንጥረ ነገር ስለሚበዛው ሙሉ በሙሉ መምከን አለበት፣ ያ ደግሞ ቢያንስ ፕሬዠር ኩከር ይፈልጋል። ለጀማሪ የእኔ ምክር ዘር ግዙ ነው።

ከተቀቀለ በኋላ ውሃውን አጥልላችሁ ጭዱን በንጹሕ ሸራ ላይ ዘርጉት። ሁለት ነገር ሳይሟላ ዘር አትንኩ። አንደኛው እርጥበቱ ነው። አንድ ጭብጥ አንሥታችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት። ሁለት ሦስት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው፣ ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ ምንም ካልወጣው ደርቋል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ጊዜ ላዩን ዳብሼ ቀዝቅዟል አልኩና ዘሩን በተንኩ። የክምሩ ውስጥ ግን ገና ይፋጅ ነበር። ቀድሞውንም የደከመውን ዘር እኔ ጨረስኩት። ጭዱ እርጥበቱ የበዛ፣ ዘሩ የሞተ፣ ታዲያ በአሥር ቀን ውስጥ ስድስቱም ከረጢት አረንጓዴ ለበሰ። አረንጓዴ ሻጋታ ከረጢት ውስጥ ካያችሁ ቤት ውስጥ እንዳትከፍቱት። እንደታሰረ አውጥታችሁ ራቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ አለበለዚያ ዱቄቱ ተበትኖ ቀጣዩንም ያበላሽባችኋል።

ጭዱ ውስጡም ከ30 ዲግሪ በታች ሲሆን እጃችሁን ታጥባችሁ አልኮል ቀቡት። በርና መስኮት ዝጉ። ወፍራም ከረጢት ውስጥ አንድ ዙር ጭድ፣ ጠርዝ ጠርዙን ዘር፣ እንደገና ጭድ፣ እንደገና ዘር እያደረጋችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። የእኔ መጠን ይህ ነው፦ 10 ኪሎ ደረቅ ጭድ ሲርስ ወደ 30 ኪሎ ይመጣል፣ 2 ኪሎ ዘር ይበቃዋል፣ አሥር ከረጢት ይወጣዋል። አፉን አስራችሁ ጎንና ጎኑን በንጹሕ ምስማር በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ትበሳላችሁ። ከዚያ ጨለማና ሞቅ ያለ ቦታ። ነጩ ድር ጭዱን ሙሉ በሙሉ እስኪያለብሰው አትነካኩት።

ሞቅ ያለ ቦታ ስል ነው እንግዲህ የደሴ ጉዳይ የሚመጣው።

ሁለተኛውን ዙር የዘራሁት ታኅሣሥ ላይ ነው። ቴርሞ ሜትር ገዝቼ ክፍሉ ውስጥ ሰቀልኩ። ሌሊት 13፣ ቀን 16። ድሩ በ25 ዲግሪ ቢሆን በሦስት ሳምንት ይጨርስ ነበር፣ የእኔ ሰባት ሳምንት ፈጀ። እኔም ብርዱን ልከላከል ብዬ መስኮቱን በላስቲክ ሸፈንኩ፣ ማታ ማታ የከሰል ማንደጃ አስገባሁ። ይህን በፍጹም እንዳታደርጉ። አንድ ሌሊት ውሃ ልረጭ ገብቼ ትንሽ ስቆይ ራሴን ፈለጠኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ እንደምንም ነው ተደግፌ የወጣሁት። የታፈነ ክፍል ውስጥ የከሰል ፍም የሚገድል ጋዝ ያወጣል፣ ሽታ ስለሌለው አይታወቅም። ለእንጉዳዩም አልጠቀመውም። አየር ሲያጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛበት፣ አየር ፍለጋ ግንዱን እያስረዘመ ራሱን ያሳንሳል። ያ የቁልፍ እንጉዳይ የመጣው ከዚያ ነው።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሳላስበው ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ እህቴ እዚያ ነው ትዳር የያዘችው። ወሬውን ሰምታ «ለእኔም ስጠኝ» አለችና ከሦስተኛው ዙር ግማሹን ከረጢት ወሰደች። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ጭድ፣ በአንድ ቀን የተዘራ። በ20 ቀን ደወለች። «ያንተ እንዴት ሆነ? የእኔ እኮ በረዶ መስሏል» አለችኝ። የእኔ ገና ሩቡን አልለበሰም ነበር። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናት። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ወርዶ አየሩ ሌላ ነው።

ታዲያ እሷ ጋ ሙሉ በሙሉ ቀናት ብላችሁ እንዳታስቡ። ድሩ ፈጥኖ ለበሰ፣ ፍሬው ላይ ግን ተቸገረች። ቀትር ላይ እምቡጡ ደረቅ ይላል፣ የተረፈው ላይ ትንንሽ ዝንቦች ገቡና ትል ጣሉበት። እኔ ጋ ደግሞ ዝንብ የለም፣ ጉም አለ፣ ቅዝቃዜ አለ። እንግዲያው ለምን አናጋራውም አልን። ቀሪዎቹን ነጭ የሆኑ ከረጢቶች ካርቶን ውስጥ አድርጋ በሚኒባስ ላከችልኝ። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ገቡ። በስድስተኛው ቀን እምቡጥ በእምቡጥ ሆኑ!

በኋላ ሳነብ ነው ምክንያቱ የገባኝ። ይህ እንጉዳይ ድሩን ሲያስፋፋ ሙቀት ይወዳል፣ ፍሬ ለማውጣት ግን ድንገት ቀዝቀዝ ሲልለት ነው የሚነሣሣው። ከ25 ዲግሪ ወደ 15 ሲወርድ ጊዜው ደረሰ ይላል። ሰው ፍሪጅ እየተጠቀመ የሚያደርገውን እኛ ሐረጎን በመውጣት አደረግነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ነው የምንሠራው፦ ኮምቦልቻ ያረግዛል፣ ደሴ ይወልዳል።

ኮምቦልቻ ዘመድ የሌላችሁ የደሴ ሰዎች፣ ከኅዳር እስከ ጥር አትዝሩ። ሌላውን ጊዜ ከረጢቶቹን እንጀራ በሚጋገርበት ቤት፣ ጭሱ ከማይደርስበት መደርደሪያ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው። በአሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፣ ግን አታፍኑት። የኮምቦልቻ ሰዎች ደግሞ ዘር ስታዙ ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ብላችሁ ጠይቁ። መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ሸፍኑ፣ ክፍሉ ውስጥ ጆንያ አርሳችሁ ስቀሉ።

ፍሬ የማውጫው ጊዜ ላይ የሚፈልገው ብርሃን ጋዜጣ የሚያስነብብ ያህል ነው፣ ቀጥታ ፀሐይ አይሆንም። መስኮት ጠዋትና ማታ ይከፈት። ውሃ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በመርጫ እንደ ጉም አድርጋችሁ ግድግዳውና ወለሉ ላይ ርጩ፣ እምቡጡ ላይ ውሃ እንዳይቋጥር። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ እኔ ለዚሁ ብቻ አንድ ጀሪካን እለያለሁ። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ ጭዱ ራሱ ውሃ ስላለው ወዲያው አይሞትም፣ የክፍሉ አየር መድረቁ ነው የሚጎዳው።

የሚለቀመው የእንጉዳዩ ራስ ጠርዝ ገና ወደ ታች ጎንበስ እንዳለ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ላይ መቀልበስ ከጀመረ ረፍዷል፣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ያራግፋል። ይህ ዱቄት ደረት ላይ ችግር ያመጣል። እኔ ከረጢቶቹን ከመኝታ ክፍላችን ጎን አድርጌ ነበር፣ እማዬ ሁለት ሳምንት በደረቅ ሳል ተሠቃየች። ብርድ ነው ብለን ነበር። ከረጢቶቹን ጓሮ ወዳለው ክፍል ሳዛውር ሳሉ ጠፋ። አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ከመጀመሪያውም ከመኖሪያው አርቁት፣ ስትለቅሙም አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ሙሉውን እቅፍ ይዛችሁ ጠምዘዝ አድርጋችሁ ንቀሉት። በቢላ ቆርጣችሁ ጉቶ ከተዋችሁ ይበሰብሳል። ከዚያ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና ያወጣል፣ በድምሩ ሦስት ዙር። ከ10 ኪሎ ደረቅ ጭድ እኔ በሦስቱም ዙር 6 ኪሎ ተኩል አግኝቻለሁ። ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያው ዙር ነው።

አሁን ወደ ድስቱ። እንጉዳይ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ ውስጥ እንዳትዘፈዝፉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠረግ፣ ቢበዛ ቶሎ ለቅለቅ። ጥሬውንም አትብሉ፣ ሆድ የሚረብሽ ነገር አለው፣ ሙቀት ያጠፋዋል። በቢላ ከመክተፍ በእጅ በቁመቱ መሰንጠቅ ይሻላል፣ ያ ነው እንደ ሥጋ እንዲታኘክ የሚያደርገው።

የእማዬ ጥብስ እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንጉዳዩ ብቻውን ዘይት በሌለው መጥበሻ ላይ ይጣዳል። ውሃውን ይለቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተጣድፎ ዘይት ይጨምርና ተቀቅሎ ልፍስፍስ ይልበታል። ታገሱት፣ ውሃው ራሱ ተኖ ይለቅ። ጠርዙ ቡናማ መሆን ሲጀምር ነው ዘይት የሚገባው። ከዚያ በቁመቱ የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል። ሽንኩርቱ ሳይደክም ቃሪያ ጣል፣ ቁንዶ በርበሬ ነስነስ፣ ጨው መጨረሻ ላይ። ጨው ቀድሞ ከገባ እንደገና ውሃ ያስወጣዋል። በትኩሱ በእንጀራ። ማለፊያ ነው!

ወጡን ሲሆን እንጉዳዩን ለብቻው አድርቀን ጠብሰን እናስቀምጣለን። ቀይ ወጡ እንደ ወትሮው ሽንኩርቱ ቁልል ብሎ፣ በርበሬው በደንብ በስሎ ካለቀ በኋላ እንጉዳዩ ይገባል፣ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከመጀመሪያው አብሮ ከተቁላላ ይጠፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ እንደ ሥጋ ይታኘካል እንጂ እንደ ሥጋ ፕሮቲን የለውም። 100 ግራም እርጥብ እንጉዳይ ላይ 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ምስሩንና ሽሮውን አትተዉ።

ያኔ የደነገጡት ጎረቤታችንስ? እማዬ የመጀመሪያውን ጥብስ በሳህን ስትወስድላቸው እጃቸውን አልዘረጉም። «አንቺ ቀድመሽ ብዪ፣ እኔ ነገ እበላለሁ» አሏት። በማግሥቱ ደህና አድራ ሲያይዋት ቀመሱ። በረመዳን ደግሞ ራሳቸው መጡ፤ ለማፍጠሪያ የአጃ ሾርባ ላይ ሥጋውን ትተው እንጉዳይ በደቃቁ ከትፈው ሠሩበት። ልጆቻቸው ሥጋ ነው ብለው ነው የጠጡት። አሁን ከየዙሩ የእሳቸው ድርሻ ይለያል፣ ከረጢት ሲመጣም ከሚኒባስ ተራ ተሸክሞ የሚያመጣልኝ የእሳቸው ልጅ ነው።

የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ በላስቲክ አታፍኑት፣ ያልበዋል። በወረቀት ጠቅልሉት፣ አምስት ስድስት ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ ከሆነ ማድረቅ ነው። ሰንጥቃችሁ በሰፌድ ላይ የራሱን የታችኛውን ገጽ ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ አስጡት። ፀሐይ ሲያገኘው ቫይታሚን ዲም ይጨምራል። 10 ኪሎው ወደ 1 ኪሎ ይወርዳል። ቀጭ ሲል ነው የደረቀው፣ ከታጠፈ ገና ነው፣ ይሻግታል። እኛ ግማሹን ወቅጠን ሽሮ ላይ ጣል እናደርገዋለን። አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ድስት ሽሮ ይበቃል።

ሦስት ዙር የሰጠ ጭድም አይጣልም። ሻጋታ ካልነካው እህቴ ለላሟ ትሰጠዋለች፣ ላሚቱ ትወደዋለች። እኔ ላም ስለሌለኝ ጓሮ ጎመኑ ሥር እቀብረዋለሁ። ባለፈው ክረምት ከዝናብ በኋላ ከቀበርኩበት ቦታ አንድ እቅፍ እንጉዳይ ራሱን ችሎ ወጣ። መልኩ የእኛው ነበር። ግን ሜዳ ላይ የወጣ ስለሆነ አልበላነውም።

ለፍልሰታ እንዲደርስላችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ ከሰኔ 20 አታሳልፉ። ሦስት አራት ሳምንት ድሩ፣ አንድ ሳምንት ፍሬው፣ ነሐሴ 1 ላይ የመጀመሪያውን ትለቅማላችሁ። ሁለተኛው ዙር ሳይፈታ ይደርሳል። ያኔ የደሴ ጉም ስለማይገለጥ ውሃ የመርጨቱ ሥራ በግማሽ ይቀልላችኋል። ለሁዳዴ ከሆነ ግን ዘሩ የሚዘራው በብርዱ ወር ላይ ስለሚውል ከረጢቱን ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርድላችሁ ሰው ከአሁኑ ፈልጉ።